በጅማ ዙሪያ ያሉ የቤቴል ማኅበረ ምዕመናን እንዴት ይቀራረቡ? ከደብዳቤው እስከ ጥየቃው፣ ደረጃ በደረጃ

ትልቅ ጉባኤ ይዘጋጃል። ድንኳን ይተከላል፣ ስፒከር ይከራያል፣ ሰባኪ ከአዲስ አበባ ይጠራል። ሁለት ቀን ሙሉ ይዘመራል፤ ሰው በእንባ ይተቃቀፋል። ከሦስት ወር በኋላ ከመጡት ማኅበረ ምዕመናን በአንዱ አንድ ሽማግሌ ያርፋሉ። ጎረቤት ያለው ማኅበረ ምዕመናን ወሬውን የሚሰማው ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። የሚደውል ሰው አልነበረም። ስልክ ቁጥር የተለዋወጠም አልነበረም።

ይህ በየዓመቱ ይደገማል። ሰው ፍቅር አጥቶ አይመስለኝም፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው። ጉባኤው ይቅደም፣ ትውውቁ ይከተላል ብለን እንጠብቃለን፤ አይከተልም። እዚህ የምታገኙት ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጠያየቁ። ትልቁ ቀን መጨረሻ ላይ ይመጣል።

መመሪያው የተጻፈው የፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት ለወረሱ አብያተ ክርስቲያናት ነው። በእኛ አካባቢ እነዚህ በብዛት በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ውስጥ ያሉት የቤቴል ማኅበረ ምዕመናን ናቸው። አወቃቀራችሁ የተለየ ከሆነ የቢሮዎቹን ስም ቀይራችሁ ተጠቀሙበት። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ጋራው ቀን አንድ ዓመት ስጡት። በሁለት ወር ልጨርሰው ያለ ሰው ተመልሶ ድንኳን ተከላ ውስጥ ነው የሚገባው።

ደረጃ 1፦ በመስመሩ ሂዱ

የዚህ ወገን አብያተ ክርስቲያናት የሚመሩት በሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ሁለት መጋቢዎች ተዋደው በስልክ የጀመሩት ኅብረት አንደኛው ሲዛወር ያበቃል። ስለዚህ ነገሩ ከሰው ወደ ቃለ ጉባኤ መግባት አለበት።

1. ለሽማግሌዎች ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ። በ"ልዩ ልዩ" ሥር አታስገቡት፤ እዚያ የገባ ነገር ሰው ኮቱን እየለበሰ ነው የሚወሰነው።
2. የምትጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ አንድ እሁድ እና ሦስት ሰው። በጀት አትጠይቁ።
3. ሦስቱን ሰዎች በስም አስመርጡ፦ ከሽማግሌዎች አንድ፣ ከሴቶች አገልግሎት አንድ፣ ከወጣቶች አንድ። መጋቢው ወይም ቄሱ ከሦስቱ አንዱ አይሁኑ። እሳቸው ይባርኩት፣ ያበረታቱት። ስልኩን የሚያነሣው ግን የአካባቢው ነዋሪ የሆነ ሰው ይሁን።
4. ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ተፈርሞበት ግልባጩ ለሰበካው (የአካባቢውን ማኅበረ ምዕመናን ለሚያስተባብረው የበላይ አካል) ይሂድ።

ካልሆነስ? ሽማግሌዎቹ "ዘንድሮ ሥራ በዝቷል" ካሉ አትከራከሩ። "በየትኛው ወር እናንሣው?" ብላችሁ ወሩን አስመዝግቡ። ሰበካው መልስ ካዘገየ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዎች ሄዳችሁ ጎረቤት ማኅበረ ምዕመናንን ሰላም ከማለት የሚያግዳችሁ የለም። የእሁዱን አምልኮ የሚነካ ነገር ግን መልስ ከመምጣቱ በፊት አታድርጉ። ሰበካው ሳያውቅ የተጀመረ ነገር በኋላ "ተገንጣይ ስብስብ" ተብሎ ሊታይ ይችላል። ያንን ስም ማስፋቅ ከመነሻው ደብዳቤ በጣም ይከብዳል።

ደረጃ 2፦ ደብተር ክፈቱ

ደብተሩ ወረቀት ይሁን። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ፎርማት ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ማኅበረ ምዕመናን አንድ ገጽ ስጡና እነዚህን ሙሉ፦

- ከጅማ በየትኛው መንገድ ነው? በአጋሮ፣ በሰቃ እና ሸቤ፣ በሰርቦ እና አሰንዳቦ ወይስ በዴዶ በኩል? ከአስፋልቱ ወጥቶ ስንት ደቂቃ በእግር ወይም በሞተር?
- ወደ ከተማ የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና በስንት ሰዓት ያልፋል?
- አምልኮው በምን ቋንቋ ነው? በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ ወይስ በሁለቱም? ዳውሮኛ፣ ካፍኛ ወይም የምኛ የሚናገሩ ምዕመናን አሉ?
- የገበያ ቀኑ መቼ ነው?
- በተለመደ እሁድ ስንት ሰው ይመጣል? (በዓል ቀን የሚመጣውን አትጻፉ።)
- የሦስት ሰው ስልክ፣ እና ኔትወርክ የሚገኝበት ሰዓት።
- የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ማን ጋር ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ተጋባዥ ደርሶ በር ተቆልፎ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዶ ሲገኝ ግን ቀኑ እዚያው በሩ ላይ ያልቃል።

መረጃውን ከሰበካ ጽሕፈት ቤት ብቻ አትውሰዱ። ደውላችሁ አጣሩ። በመዝገብ ላይ ጸሐፊ ተብለው የተጻፉት ሰው ከሄዱ ቆይተው ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ጥንድ አድርጉ

በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማኅበረ ምዕመናን ለማቀራረብ አትሞክሩ። ሁለት ሁለት አድርጓቸው።

1. በአንድ መኪና የሚደረስ ይሁን። ሁለት ጊዜ መኪና መቀየር ካለ አረጋውያንና እናቶች ይቀራሉ። ጥየቃው የወጣቶች ሽርሽር ይሆናል።
2. ቢያንስ አንድ የጋራ ቋንቋ ያላቸውን አገናኙ።
3. አንዱ የከተማ፣ አንዱ የገጠር ቢሆን መልካም ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ሰርቦና አሰንዳቦ ጅማን መሐል ሳያስገቡ ቢጠያየቁ ማን ይከለክላቸዋል?
4. ያልታረቀ ጠብ ያለባቸውን ሁለት ማኅበረ ምዕመናን ለመጀመሪያ ዙር አታጣምሩ። የመሬት፣ የመዘምራን ወይም የአገልጋይ ክርክር ካለ መጀመሪያ በሰበካው ሽማግሌዎች ይታይ። በጥየቃ ሽፋን እርቅ ለማምጣት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥየቃዎች ልብስ አታከፋፍሉ፤ ብር አትስጡ፤ ለቆርቆሮ መዋጮ አትሰብስቡ። ከከተማ የሚሄደው ቡድን ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ጆንያ ይዞ የወረደ እንግዳ ከዚያ በኋላ እንደ ወንድም አይታይም፣ እንደ ረጂ ድርጅት ነው የሚታየው። የገጠሩ ማኅበረ ምዕመናንም የመልስ ጥየቃ ሲደርሰው "እኛ ምን ይዘን እንሄዳለን?" ብሎ ይቀራል። እርዳታ የሚያስፈልግ ከሆነ ከሦስተኛው ጥየቃ በኋላ፣ በሽማግሌዎች በኩል፣ ያለ ማይክሮፎን ይደረግ።

ደረጃ 4፦ ቀን ምረጡ

በጅማ ዙሪያ ቀን መምረጥ ከባዱ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ከአስፋልት የወጣ መንገድ ጭቃ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል። በለቀማ ወቅት የቡና አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ነው፤ ልጆችም ጭምር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥየቃ ከጥር አጋማሽ በኋላ አድርጉት። ጥርም ቢሆን ሠርግ ይበዛበታል፤ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት "በዚያ እሁድ ሠርግ ያለበት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ረመዳንን በካላንደር ተመልከቱ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ቀን አትያዙ። የአካባቢው ጎረቤት አብዛኛው ሙስሊም ነው። በጾም ቀን ምግብ የሞላ ግቢ ከፍቶ ስፒከር ማስጮህ ጉርብትና አይደለም። ኢድ የሚውልበትን እሁድም ዝለሉት።

ለቅዳሜ ወይም ለሥራ ቀን ዝግጅት ካሰባችሁ ገበያውን አስቡ። የጅማ ከተማ የሂርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ሐሙስ ነው። የገጠሮቹ ቀን ግን ይለያያል፤ ደብተራችሁን ክፈቱ።

ሁለት ቀን ያዙ፦ ዋናውንና ተለዋጩን። ለቅሶ ቢደርስ ተለዋጩ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ ሥራ ላይ ይውላል።

ደረጃ 5፦ ደብዳቤውን ጻፉ

ስልክ አይበቃም። ደብዳቤው ከ6 ሳምንት በፊት ይድረስ። በሰው እጅ ላኩት፤ የደረሰበትን ቀንና የተቀበለውን ሰው ስም በደብተር መዝግቡ። አጭር ይሁን፤ እንዲህ፦

"ለ……… ማኅበረ ምዕመናን የሽማግሌዎች ጉባኤ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የሽማግሌዎች ጉባኤያችን በ……… ቀን ባደረገው ስብሰባ ከእናንተ ጋር በጥየቃ እንድንቀራረብ ወስኗል። ፈቃዳችሁ ከሆነ እሁድ ……… ቀን 12 ሆነን መጥተን አብረን ልናመልክ እንወዳለን። ቀኑ ካልተመቸ እሁድ ……… ቀን እንመጣለን። ስለ ትራንስፖርታችን አታስቡ። ስብከቱም የእናንተው አገልጋይ እንዲሆን እንለምናለን። የሚያገናኙን ሰዎች ስምና ስልክ ከታች ተጽፏል።"

"ስብከቱ የእናንተው አገልጋይ እንዲሆን" የሚለውን ሐረግ አታውጡት። የከተማ ቡድን በሄደበት ሁሉ ሰባኪና መዘምራን ይዞ ከሄደ አስተናጋጁ በገዛ ቤቱ ታዳሚ ሆኖ ይውላል። ለመስማት ሂዱ።

ካልሆነስ? በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ በመጀመሪያ ደውሉ፤ ካልተነሣ አንድ ሰው ይሂድ። "ደብዳቤ ልከን ነበር፣ ዝም አላችሁን" ብላችሁ አትጀምሩ። "ጋሼ፣ ደብዳቤያችን ደርሶዎት ይሆን ብዬ ነው" በሉ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጦ ቀጣዩን ስብሰባ እየጠበቀ ነው።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ጥየቃ

ነገሩ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ማን ይሂድ? አንድ ሚኒባስ የሚይዘው ሰው፣ 11 ወይም 12። ከዚያ በላይ ከሆነ አስተናጋጁ ይጨነቃል። ስብጥሩ እንዲህ ይሁን፦ ሁለት ሽማግሌ፣ አራት እናቶች፣ ሦስት ወጣት፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ የቀሩት አገልግሎት የሌላቸው ተራ ምዕመናን። የመጨረሻዎቹን አትርሱ። ሁልጊዜ የሚሄደው ኮሚቴው ብቻ ከሆነ የሚተዋወቀውም ኮሚቴው ብቻ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት። ለአስተናጋጁ ደውላችሁ የሚመጡትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አስጽፉ። ቁጥር ብቻ አትናገሩ። ቋንቋቸውንም ንገሩ። አስተናጋጁ ደግሞ ከስድስት ቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ ለእያንዳንዱ ሁለት እንግዳ ይደልድል።

በቤተ ክርስቲያን። እንግዳን ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ደርድሮ ማስቀመጥ ክብር ይመስላል። ውጤቱ ግን 12 ሰው እርስ በርሱ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለአስተናጋጁ ሰጥቶ ሁለት ሰዓት ይውላል። ስለዚህ አትደርድሯቸው። በር ላይ አንድ ሰው ስማቸው የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ይቁም። እንግዳው ሲገባ ስሙን ጠይቆ ምሳ ከሚበላበት ቤተሰብ ጎን ያስቀምጠው። አንዲት እናት ከሰቃ መጥተው ከማያውቋት ሴት አጠገብ ይቀመጣሉ፤ መዝሙር ሲጀመር ያቺ ሴት የመዝሙር መጽሐፏን ወደ እሳቸው ታዘነብላለች፤ ልጇ በሁለቱ መሐል ገብቶ ይተኛል። ከመድረክ ሳይታዘዝ ወሬው የሚጀምረው በዚህ ነው።

ሰዓቱ። አምልኮው በተለመደው ሰዓታቸው ይጀምር፤ ለእንግዳ ተብሎ አይዘግይ። እናንተ ግን ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ስብከት ከተተረጎመ ጊዜው እጥፍ እንደሚሆን ቀድማችሁ አስታውሱ፤ የ20 ደቂቃ መልእክት 40 ይሆናል። ሰባኪው ይህን አውቆ ያሳጥረው። አስተርጓሚው የስብከቱን ክፍልና ዋና ሐሳብ ቅዳሜ ማታ ይድረሰው። እዚያው መድረክ ላይ ጥቅስ የሚፈልግ አስተርጓሚ ሁሉንም ያደክማል።

ከእንግዶቹ ሰላምታ የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ስለራሳችሁ ማኅበረ ምዕመናን ሕንፃና ፕሮጀክት አታውሩ።

ምሳ በቤት። ይህን በምንም አትለውጡት። በአዳራሽ ሰልፍ ተሰልፎ የተበላ ምግብ ሆድ ይሞላል፣ ሰው ግን አያስተዋውቅም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ ተደለደላችሁበት ቤት ሂዱ። አስተናጋጅ ቤተሰቦችን አስቀድማችሁ "የምትበሉትን አቅርቡ" በሏቸው፤ ሽሮም ጎመንም ይሁን። አንዱ ቤት በግ አርዶ ሌላው ቤት ምስር ካቀረበ ከሰዓት በኋላ ወሬው ስለ በጉ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አቅም የሌለው ቤት እጁን አያወጣም። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 የገሠጻቸው አንዱ ጠግቦ ሌላው እየተራበ በመብላታቸው ነው። አቅም ያነሰው ቤተሰብ ማስተናገድ ከፈለገ ከጎረቤቱ ጋር አጣምሯቸው፤ አንዱ እንጀራውን፣ ሌላው ቤቱን ይስጥ።

እንግዳው ምን ያውራ? ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ፦ በዚህ ቤት ማን ማን አለ? ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን እንዴት መጣችሁ? ምን እንጸልይላችሁ? ሦስተኛውን የሚጠይቀው ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ይሁን። ቶሎ ከተጠየቀ መልሱ "ሁሉም ደህና ነው" ይሆናል። የተነገረውን የጸሎት ርዕስ በስም ይጻፍ፤ ምስጢር ከሆነ ግን አይጻፍ፣ ለኮሚቴም አይነገር።

መመለሻ። ከ10 ሰዓት በፊት መኪና ውስጥ ሁኑ። ጨለማ በገጠር መንገድ ላይ አያግኛችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ሁለት ነገር ይፈጸም፦ እያንዳንዱ እንግዳ ከበላበት ቤት ጋር ስልክ ይለዋወጥ፤ የመልስ ጥየቃው ቀንም እዚያው ቆማችሁ ይቆረጥ።

ካልሆነስ?

- *መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ።* ወዲያው ደውሉ፤ አምልኮው እንዳይጠብቃችሁ ንገሩ። ዘግይታችሁም ቢሆን ለምሳ ድረሱ። ምሳው ካለ ጥየቃው አልቀረም።
- *ከ12 ሰው 5 ብቻ መጣ።* ሂዱ። አስተናጋጁ ሦስት ቤት ያጥፋ፤ የተዘጋጁትን ግን ጠዋቱኑ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቃቸው።
- *እዚያ ስትደርሱ ለቅሶ ደርሷል።* ፕሮግራሙን ጥላችሁ አብራችሁ ለቅሶ ድረሱ። ከዚህ የበለጠ የመጀመሪያ ቀን አታገኙም።
- *አንድ እንግዳ ማይክ ይዞ ትንቢት ወይም ተግሣጽ ጀመረ።* ከመሄዳችሁ በፊት "ከተመደበው ሰው በቀር ማንም መድረክ አይወጣም" ተብሎ ይነገር። ከሆነ ግን የእናንተ ሽማግሌ ቀርበው በእርጋታ ያስቁሙት፤ አስተናጋጁን አታሳፍሩት።

ደረጃ 7፦ የመልስ ጥየቃ

በሁለት ወር ውስጥ ይሁን። ሥርዓቱ ያው ነው፤ አስተናጋጁ ብቻ ይቀየራል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የከተማ አስተናጋጅ ቤት የለኝም፣ ኪራይ ነኝ፣ ጠባብ ነው ይላል። አንድ ክፍል ይበቃል። ሆቴል ወስዳችሁ አትጋብዙ። ከገጠር የመጣ ሰው ቤታችሁን ሳያይ ከተመለሰ እንዳልተቀበላችሁት ይቆጥረዋል፤ እውነቱን ነው።

መናኸሪያ የሚቀበል ሰው መድቡ። ጅማ መናኸሪያ ወርዶ በባጃጅ ግራ የተጋባ አረጋዊ እንዳይኖር።

ደረጃ 8፦ ብሩ

ወጪው ትንሽ ነው፦ መኪና፣ ትንሽ ስኳርና ቡና፣ የስልክ ካርድ። ትንሽ ስለሆነ ግን ሰው ሒሳብ አይዝበትም፤ ሐሜትም የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው።

1. ሄያጁ የመኪናውን ይክፈል፣ አስተናጋጁ የምግቡን። ይህ ከተጠበቀ በሁለቱ መሐል ምንም ብር አይዞርም።
2. መዋጮ ካለ በአንድ ሰው የግል ቴሌብር አይሰብሰብ። በማኅበረ ምዕመናኑ ሒሳብ ይግባ፤ ካልተቻለ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም።
3. መክፈል የማይችል ሰው ከጥየቃ እንዳይቀር ከመዋጮው ሁለት ወንበር በነጻ ያዙ። ማን በነጻ እንደሄደ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ይሁን።
4. በሳምንቱ እሁድ ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰዓት ይነበብ፤ ወጪው 900 ብር ብቻ ቢሆንም ይነበብ።

በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ጳውሎስ መዋጮውን ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ልኳል። ሐዋርያው የተጠነቀቀበትን እኛ በ"እንተማመናለን" አንለፈው።

ደረጃ 9፦ የጋራ ቀን

ቢያንስ ሦስት ጥንዶች ሂደውም ተቀብለውም እስኪጨርሱ አትጀምሩት። ስድስት ማኅበረ ምዕመናን በዚህ መንገድ ከተጠያየቁ በጋራው ቀን ግቢ የሚገባ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ የሚፈልገው ፊት ይኖረዋል።

ቦታ። መናኸሪያ ቅርብ የሆነ፣ ግቢው ሰፊ፣ ሽንት ቤቱ በር ያለው። ሽንት ቤቱን ኮሚቴው ራሱ ሄዶ ይየው፤ በወሬ አትመኑ። ውኃ ሊጠፋ ስለሚችል 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ዋዜማውን ይሞላ። ዝግጅቱ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ከሆነ የከተማውን አስተዳደር ቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ።

ጎረቤት። ከሳምንት በፊት ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ያሉትን ቤቶች፣ መስጊድ ቅርብ ከሆነም ኃላፊዎቹን ሄደው ያነጋግሩ። "እሁድ እንግዳ አለብን፣ ድምፅ ይኖራል፣ በዚህ ሰዓት እንጨርሳለን" ይበሉ። ስፒከሩ ፊቱን ወደ ግቢው ውስጥ ያዙር። የአዛን ሰዓት ላይ ዝማሬ አታስገቡ፤ ጸሎት ወይም ንባብ አድርጉበት። ቡና ሲፈላ ጎረቤትም ይጠራ።

ቋንቋ። መዝሙሮቹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚታወቁ ይሁኑ፤ አራት በቂ ናቸው። ግጥሙ በሁለቱ ቋንቋ ታትሞ ይታደል። የመዘምራን ውድድር የሚመስል ነገር አታዘጋጁ። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሰው ወስዳችሁ አንድ የጋራ ቡድን ብታዋቅሩ ልምምዱ ራሱ ያቀራርባቸዋል።

የጌታ እራት። ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ከተዋሐደች ወዲህ የፕሬስቢቴሪያንና የሉተራን ልማድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ሕዝቡ ወደ ፊት ይወጣል ወይስ በተቀመጠበት ይቀበላል? ሕፃናትስ? እነዚህን አገልጋዮቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ተቀምጠው ይወስኑ፤ የተወሰነው በዕለቱ ከመጀመሩ በፊት ለሕዝቡ ይነገር። ካልተስማሙ የጌታን እራት በዚያ ቀን አታድርጉት። ማዕዱ መሐል ላይ መደናገር ሰውን ያቆስላል።

የቀኑ ሰዓት።

- 2፡30 – አቀባበል፣ ሻይና ዳቦ
- 3፡30 – አምልኮ፣ አንድ ስብከት ብቻ
- 5፡30 – በጥንድ ማኅበረ ምዕመናን ተከፋፍሎ መጸለይ
- 6፡30 – ምሳ
- 8፡00 – ሴቶች፣ ወጣቶችና ሽማግሌዎች ለየብቻ
- 9፡15 – ቡራኬና ስንብት

ከ5፡30 ያለውን አንድ ሰዓት ማንም እንዳይሰርቀው። ሰባኪ ሲረዝም የሚቆረጠው ሁልጊዜ ይህ ነው። የፕሮግራም መሪው 5፡20 ላይ ለሰባኪው ወረቀት ያቀብል፤ ይህንንም ሰባኪው ቀድሞ ይወቅ።

ምግብ። ለአንድ አዋቂ ሁለት እንጀራ አስቡ። እንጀራው ከየማኅበረ ምዕመናኑ ይምጣ፤ ወጡ ግን በአንድ ቦታ ይሠራ። ከየቦታው የመጣ ወጥ በሙቀት መንገድ ላይ ይበላሻል። መጀመሪያ ሩቅ የሚሄዱት ይብሉ፣ ቀጥሎ ሕፃናት የያዙ፣ አስተናጋጁ መጨረሻ።

ካልሆነስ? መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ፍለጋ አትሩጡ፤ ያለ ስፒከር ሰው ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። ዝናብ ከመጣ የ5፡30ው ጸሎት ወደ አዳራሽ ይግባ። ካሰባችሁት እጥፍ ሰው ከመጣ እንጀራውን ለሁለት ክፈሉ፣ ዳቦ ከቅርቡ ሱቅ አስመጡ፣ ለሕዝቡም በግልጽ ተናገሩ።

ደረጃ 10፦ ከቀኑ በኋላ

ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ግን ደንብ ይኑረው፦ ለቅሶ፣ ሕመም፣ ልደት፣ ሠርግ፣ የጥየቃ ቀን። ፖለቲካ፣ የተላለፈ ቪዲዮ፣ የሰባኪ ክርክር አይገባም። ሁለት አስተዳዳሪ ይኑር። ስማርት ስልክ የሌላቸውን ሰዎች ደብተር ላይ ምልክት አድርጉባቸው፤ ለእነሱ የሚደውል ሰው በስም ይመደብ።

የጅማ ከተማ ማኅበረ ምዕመናን ሌላም ሸክም አለባቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ሪፈር ይቀበላል፤ ከየወረዳው ታማሚ ይመጣል። ስለዚህ የሳምንት ተረኛ አውጡ። ተረኛው ሲደወልለት ሆስፒታል ደርሶ ታማሚውን ያግኝ፤ አስታማሚው የት እንደሚያድር ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ምግብ ያድርስ። ከዚህ በላይ ቃል አይግባ። መድኃኒት እገዛለሁ ያለ ተረኛ ካቃተው ሁለተኛ ስልክ አያነሣም። ትልቅ ችግር ከሆነ ለሽማግሌዎች ያስተላልፍ።

ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡ ተማሪዎችንም እንዲሁ ያዙ። የላካቸው ማኅበረ ምዕመናን ስማቸውን ከመምጣታቸው በፊት ያስተላልፍ፤ አንድ ቤተሰብ በወር አንድ እሁድ ምሳ ይጥራቸው።

ለቅሶ ሲደርስ ጥንዱ ማኅበረ ምዕመናን ሰው ይላክ፤ ሁለት ሰውም ይበቃል። ቀብር ካመለጠ በሰልስቱ ይድረሱ።

ሽማግሌዎች በምርጫ ሲቀየሩ ደብተሩ አዲስ ለተመረጡት በስብሰባ ላይ ይረከብ፤ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አንድ ኮፒ ሰበካው ጋር ይቀመጥ። በየ6 ወሩ ሦስቱ ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዱን ቁጥር ይደውሉ። የማይሠራውን ሰርዙ፤ አዲሱን በዚያው ቀን ጻፉ።